ወጡ ይወፍር
በአርባ ምንጭ ዙሪያ በምትገኘው በላንቴ ለተሰበሰቡ ነዋሪዎች የቀረበ ዲስኩር



የጋበዙኝ ወጣቶች የላኩልኝ ጥያቄ አጭር ናት። «ሥጋ ያልበላ ሰው ጉልበት ከየት ያገኛል?» ትላለች። ዐቢይ ጾም በገባበት ሰሞን መጠየቋ ደግ ነው፤ 55 ቀን ይጾማል። ረቡዕና ዓርቡ፣ ፍልሰታው፣ የነቢያቱ ጾም ሁሉ ሲደመር አንድ ምእመን በዓመት 180 ያህል ቀን ከሥጋ፣ ከወተትና ከእንቁላል ተለይቶ ይኖራል። ይሁንና ጥያቄዋ የጾመኛው ብቻ አይደለችም። በዚህ አዳራሽ ኦርቶዶክሱም ፕሮቴስታንቱም ተቀምጧል። ጾም ሳይኖርበት ሥጋን ከበዓል በዓል ብቻ የሚያየውም ብዙ ነው። ኪሱ የሚያስጾመው ሰው ሰውነት ከጾመኛው ሰውነት የተለየ ነገር አይጠይቅም። ስለዚህ የምናገረው ለሁላችሁም ነው።

ሐሳቤን ከወዲሁ ልንገራችሁ፤ ስጨርስም ይህንኑ ይዛችሁ እንድትሄዱ ነው። የሥጋ ምትክ በየቤታችሁ አለ፤ ጥራጥሬ ነው። ችግሩ በድስቱ ውስጥ የምንጨምረው ማነሱ ነው። ላንቴ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ተደርቧል፤ ሙዙ ማሳውን ስለያዘው ጥራጥሬው ከጓሮ ርቋል። ስለ ድስቱ ሰፋ አድርጌ እናገራለሁ፣ ወደ ማሳውም በመጨረሻ እመለሳለሁ።

መጀመሪያ ግን ስለ ፕሮቲን ጥቂት ልበል። ጡንቻችን፣ ቆዳችን፣ ጸጉራችን፣ በደማችን ውስጥ አየር የሚያመላልሰው ነገር፣ በሽታን የሚከላከልልን ኃይል፣ ሁሉም ከፕሮቲን ነው የሚሠሩት። ሰውነት በየቀኑ ያፈርሳል፣ በየቀኑም ይሠራል። ስብን ለክፉ ቀን ያስቀምጣል፤ ፕሮቲንን ግን እንደዚያ አያከማችም። በምግብ ካልመጣለት ከራሱ ጡንቻ ይቀንሳል። የዓለም የጤና ድርጅትና የዓለም የእርሻና ምግብ ድርጅት ባለሙያዎች ያስቀመጡት ልክ ለአዋቂ ሰው በየኪሎው 0.83 ግራም በቀን ነው። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው እንግዲህ 50 ግራም ያህል ያስፈልገዋል። በማደግ ላይ ያለ ልጅ፣ ነፍሰ ጡርና የምታጠባ እናት በየኪሎው ሲሰላ ከዚህ የበለጠ ይሻሉ። ይህን 50 የሚለውን ቁጥር ያዙልኝ፣ ደጋግሜ እመለስበታለሁ።

አሁን ምግቦቻችንን በዚህ ቁጥር እንለካቸው። መቶ ግራም ጥሬ ቀይ ሥጋ 20 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። መቶ ግራም ደረቅ ሽምብራም 20 ገደማ አለው። ቦሎቄ 22፣ ምስር 24፣ ባቄላ 26፣ አኩሪ አተር 36 ግራም ያህል። «እንዲህ ከሆነማ ምስሩ ከሥጋው በለጠ!» እንዳትሉኝ፤ ደረቅ እህል ሲቀቀል ውሃ ይጠጣል፣ መቶ ግራም ቅቅል ምስር 9 ግራም ያህል ብቻ ነው የሚሰጠው። ጤፍና በቆሎም ባዶ አይደሉም፤ መቶ ግራም የበቆሎ ዱቄት 9 ግራም ገደማ አለው፣ ጤፉ ከዚያ ከፍ ይላል።

ሙዙስ? መቶ ግራም የተላጠ ሙዝ 1 ግራም ያህል ነው ያለው። 50 ግራም ፕሮቲን ከሙዝ ብቻ ላግኝ የሚል ሰው ከአራት ኪሎ በላይ ልጣጩ የወጣለት ሙዝ በቀን መብላት አለበት። ቆጮም ከዚህ የራቀ አይደለም፤ ቆጮ ኃይል ይሰጣል፣ ሆድ ይይዛል፣ ድርቅ ይቋቋማል፣ የጋሞን ደጋ ሕዝብ ስንት ክፉ ዘመን አሻግሯል፤ ፕሮቲኑ ግን በጣም ትንሽ ነው። ደጋ ያሉት ቤተሰቦቻችሁ ይህን ሳይንስ ሳይነግራቸው ያውቁታል። ከእንሰቱ ጎን አተርና ባቄላ ይዘራሉ፣ ከብት ያረባሉ። ቆጮ ብቻውን ገበታ ላይ እንዲቀርብ አልተፈጠረም። ሙዝም እንደዚሁ። ጠዋት ሙዝ በልቶ ትምህርት ቤት የሚሄድ ልጅ ሆዱ ሞልቶ ይሆናል፤ ሰውነቱ ግን የሚሠራበትን ነገር ገና አላገኘም።

ወደ ድስቱ እንግባ። በዚህ ላይ ጊዜ መውሰድ እፈልጋለሁ፤ እናቶች፣ ስሳሳት አርሙኝ።

አንድ ቤት ውስጥ ስድስት ሰው አለ እንበል። እናት ሽሮ ልትሠራ ነው። ሽንኩርቱን ታቁላላለች፣ ዘይቱን ጠብ ታደርጋለች፣ ውሃ ትጨምራለች፤ ውሃው ሲንተከተክ ሽሮውን እየበተነች ታማስላለች። ስንት? ሦስት ሲኒ። የቡና ሲኒ ሽሮ ሲሞላ 40 ግራም ገደማ ይመዝናል። ሦስቱ ሲኒ 120 ግራም ነው። ከዚህ ውስጥ አምስተኛው እጅ፣ ማለትም 24 ግራሙ ፕሮቲን ነው። ለስድስት ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ 4 ግራም። 50 ለሚያስፈልገው ሰው 4!

ሽሮው ምግብ አይደለም ማለቴ አይደለም። ውሃው በዛበት ማለቴ ነው። ወጡ ቀጥኗል። እንጀራውን ያርሰዋል፣ በርበሬው አፍ ያቃጥላል፣ የቁሌቱ መዓዛ ያጠግባል፤ ጥራጥሬው ግን በድስቱ ውስጥ በጣት የሚቆጠር ሆኗል። ከዚያ «ጾም አደከመኝ» እንላለን። ከሥጋ መለየቱ ይሆን ያደከመን፣ ወይስ በሥጋው ቦታ ምንም አለመተካታችን?

አሁን ያንኑ ድስት በዘጠኝ ሲኒ እንሥራው። 360 ግራም ሽሮ ነው፤ ለእያንዳንዱ ሰው 12 ግራም ፕሮቲን ይደርሰዋል። 360 ግራም ሽሮና 360 ግራም ጥሬ ሥጋ የፕሮቲን ልካቸው አንድ ነው ማለት ነው። የሁለቱን ዋጋ ገበያ የምትወጡት እናንተ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ሽሮ ተወደደ የምትል እናት እውነቷን ነው፤ ከሥጋ ጋር ሲተያይ ግን አሁንም በጣም ርካሹ እሱ ነው። በርበሬና ዘይት ላይ ከምናወጣው ላይ ትንሽ ቀንሰን ወደ ጥራጥሬው ብናዞረው ብዙ ቤት ያለ ተጨማሪ ወጪ ወጡን ማወፈር ይችላል።

እንግዲህ አንድ ቀን ሙሉ እንቁጠር። ጠዋት ጭብጥ ሁለት ጭብጥ የቦሎቄና የበቆሎ ንፍሮ፤ ከቦሎቄው ብቻ 10 ግራም ገደማ ይገኛል። ምሳ ላይ ወፍራም ሽሮ፣ 12። ማታ ምስር ወይም ክክ፣ ሌላ 12። በእንጀራው፣ በቂጣው ወይም በገንፎው የሚገባው እህል ደግሞ 20 ግራም ይጨምርልናል። 50ው ሞላ፤ አለፈም። ሥጋ አልነካንም፣ ከሱቅ የታሸገ ነገር አልገዛንም። በዚህ አገር ከሁሉ ቀድሞ መነገር የነበረበት ይህ ይመስለኛል፤ ኢትዮጵያ በሽምብራ ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት፣ በባቄላ ደግሞ በዓለም ከቻይና ቀጥላ የምትጠራ አገር ናት።

አንድ ጥያቄ እንደሚነሣ አውቃለሁ፤ «የጥራጥሬ ፕሮቲን ከሥጋ ፕሮቲን እኩል ነው ወይ?» ብቻውን ሲሆን እኩል አይደለም። ፕሮቲን አሚኖ አሲድ ከሚባሉ ሃያ ያህል ትናንሽ ክፍሎች የተገጠመ ነው። ከእነሱ ዘጠኙን ሰውነታችን ራሱ መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ማግኘት አለበት። ሥጋ ዘጠኙንም በተመጣጠነ ልክ ይዞ ይመጣል። በቆሎ ላይሲን የሚባለው ያንሰዋል፤ ቦሎቄ ላይሲን ሞልቶለት ሜታዮኒን የሚባለው ያንሰዋል። የአንዱ ጉድለት በሌላው ይሞላል። አገሩ የጋሞ ሸማኔ አገር ስለሆነ በሽመና ልናገር፤ እህሉ ድር ነው፣ ጥራጥሬው ማግ ነው፤ ድር ብቻውን ተወጥሮ ጋቢ አይሆንም። በአንድ ድስት የተቀቀለ በቆሎና ቦሎቄ፣ እንጀራ በሽሮ፣ ቂጣ በምስር፣ እነዚህ ሁሉ ሙሉ ፕሮቲን ናቸው። ልኩ በደረቁ ሲለካ ሁለት እጅ እህል፣ አንድ እጅ ጥራጥሬ ነው። በአንድ ጉርሻ መገናኘታቸው እንኳ ግዴታ አይደለም፤ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለቱም ከተበሉ ሰውነት ያገናኛቸዋል።

ይህን ልክ ለሕፃን ምግብ በተለይ ያዙልኝ። ስድስት ወር የሞላው ልጅ ከእናቱ ጡት ጋር ተጨማሪ ምግብ ይጀምራል። ብዙ ቤት የሚሰጠው ቀጭን የበቆሎ አጥሚት ነው። ሁለት እጅ በቆሎ ወይም ጤፍ ላይ አንድ እጅ የተቆላና የተፈተገ ሽምብራ ወይም ቦሎቄ አስፈጭታችሁ ወፈር ያለ ገንፎ ሥሩለት፤ ጥቂት ዘይት ጨምሩበት። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. በስዊድን መንግሥት እርዳታ አዲስ አበባ ውስጥ የተጀመረው የሕፃናት ምግብ ጥናት ያስገኘው ፋፋ መሠረቱ ይኸው ነበር፤ ስንዴ፣ ጥራጥሬ፣ አኩሪ አተር፣ የወተት ዱቄት ተጨምሮበት። ስንቶቻችሁ ፋፋ በልታችሁ አድጋችኋል! የወተቱን ዱቄት ማግኘት ቢያቅት እህሉና ጥራጥሬው እጃችን ላይ ነው። ለሕፃኑ ወተትና እንቁላል ከተገኘ ግን አትንፈጉት፤ ጾሙም ሕፃንን አያስገድድም።

አሁን ወደ ሌላው ጉዳይ ልለፍ፤ ሥጋ መስለው ስለሚሠሩ ምግቦች። ወጣቶቹ ይህን እንዳልዘለው አደራ ብለውኛል።

ሥጋን የሚመስል ምግብ ከዕፅዋት መሥራት የፈረንጅ ግኝት አይደለም። የሽምብራ ዓሣን ማን ያውቃል እዚህ? ለማያውቁት ላስረዳ። ሽምብራው ለስለስ ተደርጎ ይቆላል፣ ይከካል፣ ይፈጫል። ዱቄቱ በጥቂት ዘይት፣ በጨውና በቅመም ጠንከር ተደርጎ ይለወሳል። ከዚያ ሴቶቹ በእጃቸው ትናንሽ ዓሣ እያደረጉ ይቀርጹታል፤ ጭራ ያወጡለታል፣ በቢላ ጫፍ ቅርፊቱን ይስሉለታል። በዘይት ይጠበሳል፣ መልሶም በቀይ ቁሌት ውስጥ ገብቶ ይንተከተካል። ቁሌቱን ጠጥቶ ሲወጣ ውስጡ እንደጠነከረ፣ ላዩ ለስልሶ ይቀርባል። ይህ የጾም ምግብ ነው፤ እናቶቻችን በሬ ሳይታረድ ወፍራም ገበታ የሚያቀርቡበት ጥበብ ነው። ዓሣ አንድ ጊዜ ሲቆረስ እዚያ ውስጥ ያለው ሽምብራ ከአንድ ጭልፋ ቀጭን ሽሮ ብዙ እጥፍ ነው። እኔ ከሁሉም የጾም ምግብ ይህን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው። ላንቴ ላይ በብዛት አለመሠራቱ ያሳዝነኛል። ስልጆም አለ፤ የባቄላ ዱቄትና የሱፍ ውሃ አብሮ በስሎ፣ ሰናፍጭ ገብቶበት ለቀናት የሚብላላው። መብላላቱ ጣዕም ብቻ አይሰጠውም፤ ጥራጥሬ ውስጥ ብረትንና ዚንክን አስሮ የሚይዘውን ነገር ይፈታዋል።

በሌላውም ዓለም እንዲሁ ነው። ቻይናዎች የአኩሪ አተርን ወተት አርግተው ቶፉ ይሠራሉ፤ ዘመናት ያስቆጠረ ምግብ ነው። በኢንዶኔዥያ የጃቫ ሰዎች ደግሞ የተቀቀለና የተላጠ አኩሪ አተር ላይ ጠቃሚ ሻጋታ ዘርተው በሙዝ ቅጠል ይጠቀልሉታል። በአንድ ሁለት ቀን ሻጋታው ፍሬዎቹን እርስ በርስ አያይዞ እንደ ሥጋ የሚቆረጥ ያደርገዋል፤ ቴምፔ ይሉታል። የሙዝ ቅጠል ሞልቶ በተረፈው በእናንተ አገር ስለዚህ ስናገር ደስ ይለኛል። ግን ዛሬ ማታ አትሞክሩት፤ ትክክለኛው እርሾ ከሌለ የሚበቅለው ሻጋታ መርዛም ሊሆን ይችላል።

አሜሪካ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2009 የተቋቋመው ቢዮንድ ሚት ከአተር ፕሮቲን፣ በ2011 የተቋቋመው ኢምፖሲብል ፉድስ ከአኩሪ አተር ፕሮቲን በርገር ይሠራሉ። ሁለተኛው ሥጋን ሥጋ የሚያስመስለውን ሄም የተባለ ነገር በእርሾ አምርቶ ይጨምርበታል። አዲስ አበባ ውስጥም የጾም ክትፎ፣ የጾም ጥብስ፣ የጾም በርገር የሚያቀርቡ ቤቶች በርክተዋል። በፌስታል የሚሸጠው ደረቅ የአኩሪ አተር ሥጋ ደግሞ ዘይቱ የወጣለት የአኩሪ አተር ዱቄት በማሽን ውስጥ በከፍተኛ ሙቀትና ግፊት አልፎ የሚገኝ ነው፤ በደረቁ ግማሽ ያህል ክብደቱ ፕሮቲን ነው፣ በሙቅ ውሃ ተነክሮ ሲለሰልስ ይጠበሳል። ጥሩ ምግብ ነው፤ ያገኘ ቢበላው አልቃወምም። ለላንቴ ቤተሰብ ግን መፍትሔ አድርጌ አላቀርበውም። ከሩቅ ይመጣል፣ ገንዘብ ይበላል፣ እሱ የሚሰጠውን ፕሮቲን ደግሞ የራሳችሁ ቦሎቄ ይሰጣችኋል። የእንጉዳይ ጥብስንም የሥጋ ምትክ የሚሉ አሉ፤ ጣዕሙ ግሩም ነው፣ ትኩስ እንጉዳይ ግን በመቶ ግራም ከ3 ግራም ያህል ፕሮቲን አይበልጥም። በአፍ ሥጋ የመሰለ ሁሉ ለሰውነት ሥጋን አይተካም።

ስለ ሽፈራውም ሳልናገር ብቀር ቅር ትሰኛላችሁ። ሃሌኮ የምትሉት ይኸው ሽፈራው በዚህ አገር በየደጁ አለ፤ ቅጠሉ ተቀቅሎ ከበቆሎ ጋር ፎሰሴ ወይም ኩርኩፋ ሆኖ ሲበላ ኖሯል። አሁን አሁን «ሽፈራው ሥጋን ይተካል» የሚል ወሬ በየቦታው እሰማለሁ። እውነት ነው፣ የደረቀው ቅጠል ዱቄት በፕሮቲን የበለጸገ ነው። ግን ስንት እንበላለን? አንድ ማንኪያ ዱቄት ጥቂት ግራም ብቻ ነው የሚመዝነው፤ ከዚያ የሚገኘው ፕሮቲን ከ2 ግራም አያልፍም። ትኩሱ ቅጠል አብዛኛው ውሃ ነው። የሽፈራው ዋጋው በካልሲየሙ፣ በብረቱና በቫይታሚኑ ነው። አያቶቻችን የሚሠሩት ፎሰሴ ላይ አንድ ነገር ጨምሩበት፤ ቦሎቄ። በቆሎ፣ ቦሎቄ፣ ሃሌኮ በአንድ ድስት። ከዚህ የተሻለ ሥጋ የሌለው ምግብ እኔ ላንቴ ውስጥ ልነግራችሁ አልችልም።

ጥንቃቄዎቹን ደግሞ በግልጽ ልንገራችሁ፤ ከነዚህ አንዳንዶቹ ሕይወት የሚነኩ ናቸው።

ቀይ ቦሎቄን በደንብ አፍልታችሁ ቀቅሉ። ማታ ነክራችሁ አሳድሩ፣ የነከራችሁበትን ውሃ ድፉት፣ በአዲስ ውሃ እየተንተከተከ እስኪፈርስ አብስሉት። ጥሬው ወይም ያልበሰለው ቦሎቄ ሆድን ክፉኛ የሚያውክ ነገር አለው። መንከሩና ውሃውን መድፋቱ ሆድ መንፋቱንም ይቀንሳል፣ ማገዶም ይቆጥባል። አኩሪ አተርም ጥሬውን አይበላም፤ ፕሮቲኑ እንዳይፈጭ የሚከለክል ነገር ስላለበት ተቀቅሎ ወይም ተቆልቶ ነው ወደ ወፍጮ የሚሄደው። ከሽሮ እህላችሁ ላይ አምስተኛውን እጅ አኩሪ አተር ብታደርጉት ጣዕሙ ሳይለወጥ ፕሮቲኑ ከፍ ይላል። ከገበያ የተፈጨ ሽሮ ስትገዙ ደግሞ ምን እንደተቀላቀለበት ጠይቁ፤ ጓያ ለረጅም ጊዜ በብዛት ሲበላ እግር ያሽመደምዳል፣ የተሽመደመደውም አይመለስም። ሽሮን በቤት አዘጋጅቶ ማስፈጨት ከዚህ ሥጋት ይገላግላል።

ብረትን በተመለከተ፣ በጥራጥሬ ውስጥ ያለው ብረት እንደ ሥጋው በቀላሉ አይዋሃድም። ምስሩ ላይ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበት፣ ቲማቲምና ቃሪያ ከጎኑ ይቅረብ፣ ከምግብ በኋላ ፓፓያ ወይም ማንጎ ብሉ፤ አርባ ምንጭ ዙሪያ ይህ አይጠፋም። ቡናውንና ሻዩን ግን ከምግቡ አንድ ሰዓት አርቁት። ቡና ከምሳ ላይ ተነሥቶ የሚፈላበት አገር ላይ ይህን ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ለነፍሰ ጡር እናት ስትሉ አድርጉት።

ቫይታሚን ቢ12 ደግሞ ከየትኛውም ጥራጥሬ ወይም ቅጠል በበቂ አይገኝም። ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከወተት፣ ከእንቁላል ነው የሚመጣው። ጉበት ለረጅም ጊዜ ስለሚያስቀምጠው፣ በፍስክ ጊዜ ወተትና እንቁላል የሚያገኝ ጾመኛ አይሥጋ። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ምንም የማይበላ ሰው ግን ጤና ጣቢያ ሄዶ ያማክር፣ በክኒን ወይም በመርፌ ይሰጠዋል። ነፍሰ ጡርና አጥቢ እናቶች ስለ ጾሙ ከንስሐ አባታቸው ጋር ይነጋገሩ፤ ስለ ምግባቸው ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ጋር።

አንድ ነገር በመካከል ላስገባ። ለመስቀል ዓመቱን ሙሉ ቆጥባችሁ፣ ተደራጅታችሁ የምታርዱትን በሬ ተዉ ልላችሁ አልመጣሁም። የጋሞ መስቀል ያለ ሥጋው፣ ያለ ጉርብትናው፣ ያለ ዕርቁ መስቀል አይሆንም። እኔ የምናገረው በሁለት መስቀሎች መካከል ስላሉት ብዙ ቀናት ነው።

ወደ ማሳው እንመለስ። ዛሬ ጠዋት ስመጣ በሶዶው አስፋልት ዳር አይሱዙ ቆሞ ሙዝ ይጫን ነበር። የመኪናው ወለል ላይ ቅጠል ተነጥፏል፣ ልጆቹ አረንጓዴውን ዘለላ በትከሻ እያቀበሉ በረድፍ ይደረድሩታል፣ አንዱ ከላይ ሆኖ ይቀበላል፣ አንዱ ከታች በደብተር ይጽፋል። ይህ ሙዝ ነገ አዲስ አበባ ነው። ላንቴን ቆርቆሮ ያለበሰ፣ ልጆች ዩኒቨርሲቲ ያስገባ ሰብል ነው፤ ክፉ አልናገርበትም። ነገር ግን ከሙዙ በፊት በዚህ መሬት ላይ በቆሎ ነበር፣ በበቆሎው መሐል ቦሎቄው ይዘራ ነበር፣ ለወጥ የሚሆነው ከጓሮ ይለቀም ነበር። አሁን ጥራጥሬው በገንዘብ ነው። ሙዙ በረከሰ ሳምንት፣ መንገድ በተዘጋ ሳምንት፣ በሽታ ማሳውን በመታው ሳምንት መጀመሪያ የሚቀጥነው ያ የድስት ወጥ ነው። የሙዝ ገንዘብ ወደ ቤት ሲገባ በአብዛኛው በወንዱ ኪስ በኩል ነው የሚገባው፤ የጓሮው ቦሎቄ ግን በቀጥታ እናት እጅ ላይ ነበር። ይህን አባቶች እንድታስቡበት እለምናለሁ። ሙዝ በሸጣችሁ ቀን፣ ሌላው ወጪ ሳይነካው፣ የወሩ ምስርና ሽምብራ ይገዛ። ከደጋ፣ ከጨንቻ በኩል የሚወርደው ባቄላና አተር ገበያ ላይ አለ፤ በምርት ወቅት ሲረክስ በኩንታል ገዝቶ ማስቀመጥ ከወር ወር በጣሳ ከመግዛት ይሻላል። ነቀዝ እንዳይገባበት አድርቃችሁ አየር በማያስገባ ዕቃ አኑሩት።

ከመግዛት የሚሻለው ግን መዝራት ነው፤ ሙዙም ሳይነቀል ይቻላል። አዲስ የተተከለ ሙዝ በችግኝና በችግኝ መካከል ሁለት ሦስት ሜትር ክፍት መሬት አለው። ቅጠሉ ገጥሞ ጥላ እስኪሠራ ያ መሬት አረም ነው የሚያበቅለው። እዚያ ቦሎቄ ዝሩበት። ሀዋሳ ዱሜ የሚባለው ቀይ የቦሎቄ ዝርያ ለደቡብ የአየር ጠባይ የወጣ ነው፣ ሦስት ወር ገደማ ውስጥ ይደርሳል። ሥሩ ላይ ያሉት እባጮች ናይትሮጅንን ከአየር ወስደው ያስቀራሉ፤ ምርቱ ከተለቀመ በኋላ ገለባውን እዚያው ብትተዉት ለሙዙ ማዳበሪያ ይሆናል። ሙዙ አድጎ ጥላ ከሠራ በኋላ ቦሎቄው አይሆንም፤ ያኔ በማሳው ዳርና በመስኖ ቦይ አፋፍ የርግብ አተር ትከሉ። እሱ ዝናብ ሲያጥር አይሸነፍም፣ አንድ ጊዜ ተተክሎ ከዓመት በላይ ይለቀማል፣ እሸቱም ደረቁም ይበላል፣ ቅጠሉን ፍየል ትወደዋለች። ጓሮ ውስጥ ጥግ ላይ ሃሌኮው አለ። እንዲህ ስንል የወጡ ነገር ሁሉ ተመልሶ ከደጅ ይመጣል።

የበልጉ ዝናብ ሩቅ አይደለም። ቦሎቄ የሚዘራ ሰው መሬቱን አሁን ማዘጋጀት፣ ዘሩንም አሁን ማፈላለግ አለበት፤ ዝናቡ ከገባ በኋላ የሚፈለግ ዘር ወይ ይጠፋል ወይ ይወደዳል። ጥያቄዎቻችሁን እቀበላለሁ። ስለ ምግቡ እኔ እመልሳለሁ፤ ስለ ዘሩና ስለ መዝሪያው ጊዜ የምትጠይቁ ግን ቀድማችሁ እጅ አውጡ፤ አጠገቤ የተቀመጡት የግብርና ባለሙያ ሌላ ቀበሌ ስለሚጠበቁ እስከ እኩለ ቀን ብቻ ነው አብረውን የሚቆዩት።